ቲማቲሙን እጠቡ ከማለታችን በፊት

በአዳማ ለአትክልት አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለአሠልጣኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።

የተከበራችሁ የማኅበራት አመራሮችና የግብርና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በሥራ ወቅት ማሳችሁን ለሰው አደራ ሰጥታችሁ የመጣችሁ አርሶ አደሮች፤ እንደምን ዋላችሁ።

በአዳማና በአካባቢዋ የምግብ ደኅንነት ሥልጠና ብርቅ አይደለም። አዳራሽ ይያዛል፣ ስላይድ ይታያል፣ ውሎ አበል ይከፈላል፣ በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ይታደላል፤ ሠልጣኙም ወደ ቀዬው ተመልሶ ቲማቲሙን እንደ ወትሮው ለዚያው ደላላ፣ በዚያው ዋጋ ይሸጣል። በሥልጠናውና በገበያው መካከል ያለው ይህ ክፍተት ለምን እንደማይሞላ ዛሬ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ስለ ንጽሕና በደፈናው የሚሰጥ ሥልጠና አርሶ አደሩን አዲስ ገበያ አያደርሰውም፤ አልፎ አልፎም ይጎዳዋል። ገበያ የሚከፍተው ከአንድ ሰብል፣ ከአንድ ማሳና ከአንድ ገዢ ጥያቄ የሚነሳ ሥልጠና ነው።

«ይጎዳዋል» ማለቴ ሊከብዳችሁ ስለሚችል አንድ ምሳሌ ልውሰድና ሰፋ አድርጌ ላብራራው።

ከቆቃ፣ ከወንጂ፣ ከመቂና ከባቱ አካባቢ የሚመጣው ቲማቲም ብዙውን ጊዜ ሣጥን ውስጥ የሚገባው ፀሐይ ከከረረች በኋላ ነው። ለቃሚዎቹ ማልደው ቢጀምሩም ሥራው እስከ ቀትር ይዘልቃል፤ የጭነት መኪናው ደግሞ ወደ ማታ ነው የሚደርሰው። በእኩለ ቀን የተለቀመ ቲማቲም በእጅ ሲጨበጥ ሙቀቱ ይታወቃል። በላዩም የደረቀ ጭቃና የፈንገስ መከላከያ ርጭት የተወው ነጣ ያለ ብናኝ ይታያል። ደላላው ለዚህ ግድ የለውም፤ የሆቴል ዕቃ ግዥ ሠራተኛ ግን ሣጥኑን ከፍቶ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። ይህን የሰማ አሠልጣኝ «ለሆቴል የምታቀርቡትን አጥባችሁ አምጡ» ይላል፤ አርሶ አደሩም ታዛዥ ነውና ያጥባል። የሚያጥበውም በቅርቡ ባገኘው ውኃ፣ ማለትም በመስኖ ቦይ ወይም ከቦዩ በተሞላ በርሜል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሞቀ ቲማቲም ከእርሱ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ሲነከር በፍሬው ውስጥ ያለው አየር ይኮማተራል፤ አየሩ በለቀቀው ቦታም ውኃው ወደ ውስጥ ይሳባል። መግቢያው ፍሬው ከአንጓው የተቀነጠሰበት ጠባሳ ነው። በውኃው ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ካለ አብሮ ይገባል፤ ከገባም በኋላ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ የቱንም ያህል አጥብቃ ብታጥበው አታገኘውም። ቲማቲሙ ለሰላጣ ወይም ለቲማቲም ፍትፍት በጥሬው ስለሚከተፍ እሳት የማያገኘው ጊዜ ብዙ ነው። ላዩ ላይ የነበረው ጭቃ ቢያንስ የሚታይና የሚጠረግ ነበር። በሠለጠኑ ማሸጊያ ቤቶች የማጠቢያው ውኃ ከፍሬው ሥጋ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዲሞቅ የሚደረገውም ለዚሁ ነው፤ የእኛ አርሶ አደር ግን ውኃ የሚያሞቅበት ቀርቶ ቴርሞ ሜትር እንኳ የለውም።

ታዲያ ምን እንበለው? በእኔ እምነት የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ማጠብ መሆን የለበትም። ለሆቴል ወይም ለሱፐርማርኬት የሚሄደውን ድርሻ በማለዳ ለይቶ መልቀም፣ ወዲያው ጥላ ሥር ማኖር፣ ተክሉን በእንጨትና በሲባጎ ደግፎ ፍሬው አፈርና የቦይ ውኃ እንዳይነካው ማድረግ፣ የቀረውን ብናኝ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ መወልወል ይበቃል። (ጨርቁ በየቀኑ ካልታጠበ ራሱ በካይ ይሆናል፤ ይህንም መናገር አለብን።) ገዢው ይታጠብልኝ ብሎ ግድ ካለ ደግሞ ፍሬው በጥላ ሥር ከበረደ በኋላ፣ በቧንቧ ውኃና በተለካ በረኪና ይታጠብ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ ለ20 ሊትር ባልዲ 40 ሚሊ ሊትር ሲጨመር በሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይገኛል። የበረኪናው ጥንካሬ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ጽሑፉን ሳያነቡ መገልበጥ አይገባም። አፈር ክሎሪኑን እየበላ ስለሚጨርሰው የደፈረሰ ውኃ፣ በረኪናው ቢሸትም እንኳ፣ ሥራውን አቁሟል ማለት ነው፤ ተደፍቶ በአዲስ መተካት አለበት።

ስለ ውኃው ምንጭ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ወደ ቆቃ ግድብ የሚገባው የሞጆ ወንዝ በቆዳ ፋብሪካዎችና በከተማ ፍሳሽ መበከሉ ለረጅም ዓመታት ሲጠናና ሲነገር የኖረ ጉዳይ ነው። ወንዙን አርሶ አደሩ አላበከለውም፤ ምርቱ ተመርምሮ ሲወድቅ ግን ዕዳው የሚመጣው እርሱ ላይ ነው። ይህ ፍትሕ የጎደለው ነገር መሆኑን በሥልጠና መድረክ ላይ ሸፋፍኖ ማለፍ አርሶ አደሩን እንደ ሕፃን መቁጠር ይመስለኛል። እርሱ ሊወስን የሚችለው ነገር አለ፦ በጥሬው የሚበላውን ሰላጣ በዚያ ውኃ ከማልማት ይልቅ ተቀቅሎ የሚበላውን መዝራት፣ ውኃውን ከላይ ከመርጨት በቦይ ሥር ሥሩን ማጠጣት፣ ለለቀማ ሲቃረብ ማጠጣትን ማቆም። በፍግ ረገድም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ያልበሰበሰ ፍግ፣ ምርቱ አፈር የሚነካ ከሆነ፣ ከለቀማው ቢያንስ 120 ቀን አስቀድሞ ከአፈር ጋር እንዲደባለቅ ያዝዛል። ደንቡ እኛን የሚያስገድድ ባይሆንም ከምንም ይልቅ የሚጨበጥ ቁጥር ነው።

ወደ ፀረ ተባይ ኬሚካል ልለፍ። ከፍተኛው የገበያ በር የሚዘጋውም የሚከፈተውም እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ጣሪያ ላላስቀመጠለት ኬሚካል በደፈናው የሚፈቅደው ቅሪት በአንድ ኪሎ ግራም ምርት ውስጥ 0.01 ሚሊ ግራም ነው። በእኛ መለኪያ ሲሰላ በ1,000 ኩንታል ቲማቲም ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። ዝርዝሩም ባለበት አይቆምም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ክሎርፓይሪፎስና ማንኮዜብ የሚባሉት፣ ሁለቱም በአገራችን በስፋት የሚታወቁ ኬሚካሎች፣ በአውሮፓ ኅብረት ፈቃዳቸው ሳይታደስ ቀርቷል። ከዚያ በፊት በታተመ የሥልጠና መጽሐፍ ዛሬ የሚያስተምር ሰው አርሶ አደሩን ወደ ተዘጋ በር እየመራው ሊሆን ይችላል።

ወደ ማሳው ስንወርድ ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። ኬሚካሉ ከዋናው ዕቃ ተቀንሶ በሃይላንድ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ጽሑፍ የለውም፣ መለኪያው ክዳኑ ነው። አንዱ ካልሠራ በሚል ሁለትና ሦስት ዓይነት በአንድ የጀርባ መርጫ ይደባለቃል። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት በአገራችን መሸጥ ያለበት የተመዘገበ ፀረ ተባይ ብቻ ቢሆንም፣ ጠርሙሱ ስም ከሌለው መመዝገቡን የሚያውቅ የለም። ዋናው ዕቃ ላይ ከታች ያለው ባለ ቀለም መስመር ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ አደጋውን ይናገራል፦ ቀይ እጅግ አደገኛ ነው፣ ቢጫና ሰማያዊ በቅደም ተከተል ይከተላሉ፣ አረንጓዴው ከሁሉም ያነሰ ነው። በሃይላንድ የገዛ ሰው ግን ይህን መስመር አያየውም። ስለዚህ ማኅበራት ኬሚካል በጋራ፣ በዋናው ዕቃ፣ ከነጽሑፉ ቢገዙ ከብዙ ቀን ሥልጠና የሚበልጥ ውጤት ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።

የጥበቃ ጊዜ የሚባለው ነገር ግን ከዚህም የጠነከረ ችግር ነው። እያንዳንዱ ኬሚካል ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበት ቀን በጽሑፉ ላይ አለ። ለሽንኩርት ይህን መጠበቅ ቀላል ነው፤ ሽንኩርት አንዴ ተነቅሎ ያበቃል። ቲማቲም ግን ለሳምንታት በየሦስትና በየአራት ቀኑ ይለቀማል። ሰባት ቀን ጠብቅ የሚል ኬሚካል የረጨ ሰው አንድ ዙር ለቀማ ማጣት አለበት፤ ሳይለቀም የቀረውም ፍሬ በመሐሉ ይበስልና ይበሰብሳል። በዚያ ሳምንት ዋጋ ከጨመረ ደግሞ ፈተናው ይብሳል። «የጥበቃ ጊዜን አክብሩ» ብሎ ስላይድ ማሳየት ለዚህ ሰው መልስ አይሆነውም። መልሱ ሥራው ውስጥ ነው ያለው፦ ረጅም ጥበቃ የሚፈልጉትን ኬሚካሎች ከአበባ በፊት ተጠቅሞ መጨረስ፣ ለቀማ ከተጀመረ በኋላ አጭር የጥበቃ ጊዜ ያላቸውን ብቻ መያዝ፣ ርጭቱንም ልክ ከለቀማ ማግሥት አድርጎ እስከ ቀጣዩ ለቀማ ያለውን ቀን በሙሉ መጠቀም። ይህን የቀን አቆጣጠር ከአርሶ አደሩ ጋር በማሳው ዳር ቁጭ ብሎ መሥራት ግማሽ ቀን ይፈጃል። አዳራሽ ውስጥ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የሚረጨው የተለያየ ነው።

አሁን ወደ መዝገብ እንምጣ። አዲሱ ገዢ ከአሮጌው የሚለየው «ይህ ሣጥን ከየትኛው ማሳ መጣ?» ብሎ በመጠየቁ ነው። በደላላ በኩል የሚሄድ ምርት የብዙ ሰው ቲማቲም በአንድ መኪና ተደባልቆ ስለሚጫን ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። መልሱ ግን ውድ ነገር አይደለም፤ አንድ ደብተርና አንድ ማርከር ይበቃል። ገጹ ምን እንደሚመስል ላንብብላችሁ፦ «መጋቢት 12፣ ማሳ 3፣ ሰሜን በኩል ያለው ግማሽ፤ የተረጨው ኬሚካል ስም፤ በ20 ሊትር ውኃ ስንት ሚሊ ሊትር፤ የረጨው ሰው ስም፤ ለቀማ የሚፈቀድበት ቀን መጋቢት 16።» ከዚያም መጋቢት 16 በተለቀመው ሣጥን ላይ «ማ3–16» ተብሎ ይጻፋል። አባትየው መጻፍ ባይችል ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ልጁ ትጽፋለች፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የእርሷ መዝገብ የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ሣጥኑን በተመለከተ፣ ከአዲስ አበባ ገበያ ሳይታጠብ የሚመለሰው የእንጨት ሣጥን የሌላውን ሰው ብስባሽ ይዞ ነው የሚመጣው። ለአዲሱ ገዢ የሚታጠብ የፕላስቲክ ሣጥን ለይቶ መያዝ ግድ ነው።

በመዝገብ ላይ የተመሠረተው ትልቁ የገበያ ፈቃድ፣ ምርቱ በመልካም የግብርና አሠራር መመረቱን የሚያረጋግጠው ግሎባል ጋፕ የሚባለው ሰርተፍኬት ነው። የአውሮፓ ቸርቻሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ዩሬፕ ጋፕ ብለው ጀመሩት፤ ከ2007 ወዲህ ግሎባል ጋፕ ተብሏል። ለአነስተኛ አርሶ አደር የሚበጀው የቡድን አሠራሩ ነው። ማኅበሩ የራሱን ውስጣዊ ተቆጣጣሪ ሰይሞ እያንዳንዱን አባል በየዓመቱ ይመረምራል፤ ከውጭ የሚመጣው መርማሪ ግን የሚያየው የአባላቱን ቁጥር ዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት) ያህል ብቻ ነው። መቶ አባላት ካሉ አሥሩን፣ ሃያ አምስት ካሉ አምስቱን ማለት ነው። ወጪው ስለሚከፋፈል ይቀላል። ነገር ግን መርማሪው ከአሥሩ በአንዱ ማሳ ያገኘው ጉድለት የማኅበሩ ቁጥጥር ደካማ መሆኑን ካሳየ መዘዙ ለዘጠናውም ይተርፋል። ስለዚህ የማኅበር አመራሮች ሆይ፣ አባል ስትመርጡ የቅርብ ዘመድነት ሳይሆን ደብተር የመያዝ ልማድ ይታይ።

እዚህ ላይ የግል አስተያየቴን ልናገር። ለአብዛኞቻችን አውሮፓ የመጀመሪያው ገበያ መሆን የለበትም። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ ሆቴሎቿ ዓመቱን ሙሉ ሰላጣና ቲማቲም ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በፍጥነት መንገድ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ትደረሳለች። ጅቡቲም የኢትዮጵያ አትክልት የቆየ ደንበኛ ናት። በእነዚህ ገበያዎች ሁለትና ሦስት ወቅት ደብተር የያዘ ማኅበር ወደ ግሎባል ጋፕ ሲሄድ ግማሹን መንገድ ጨርሶታል፤ ከባዶ ተነስቶ በፕሮጀክት ገንዘብ ሰርተፍኬት የሚያገኝ ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የማሳደሻው ክፍያ ይጎድለዋል።

ለማን ነው የምናሠለጥነው የሚለውም ጥያቄ አለ። አዳራሽ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የመሬቱ ባለይዞታ የሆነው አባወራ ነው። የሚረጨው ግን ልጁ ወይም ቅጥር ሠራተኛ ነው፤ የሚለቅሙትና የሚያበጥሩት ደግሞ የቀን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ሳልሞኔላ በእነዚህ ሰዎች እጅም ይተላለፋል፤ እነርሱ ግን ስለ ሥልጠናው የሚሰሙት ወሬውን ብቻ ነው። ለእነርሱ የሚሆነው በለቀማው ቀን፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በአካባቢው በአብዛኛው በሚነገረው በአፋን ኦሮሞ የሚሰጥ የሃያ ደቂቃ ትምህርት ነው። መጸዳጃ በአቅራቢያ ከሌለ ግን ሃያ ደቂቃውም ከንቱ ነው፤ ጉድጓድ፣ መጋረጃ፣ በጀሪካን የተሠራ የእጅ መታጠቢያና ሳሙና መቅደም አለባቸው። «ተቅማጥ ያለበት ሠራተኛ አይልቀም» የሚለው ሕግም የቀን ገቢዋን ለምታሰላ እናት «ዝም በዪ» ማለት ይሆንባታል። ያመማትን ሴት ለዚያን ቀን ሣጥን ቆጠራ ላይ አስቀምጦ ደሞዟን መክፈል ብቻ ነው እውነቱን እንድትናገር የሚያደርጋት።

ሌላው የማይጠራው ሰው ገዢው ነው። ሆቴሉ በዱቤ ወስዶ ከሳምንታት በኋላ የሚከፍል ከሆነ፣ እጅ በእጅ የሚከፍለው ደላላ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ በዚህም አርሶ አደሩን መውቀስ አይቻልም። ደብተር የያዘበትና በማለዳ የለቀመበት ድካም በዋጋ ወይም በክፍያ ፍጥነት ካልተመለሰለት በሁለተኛው ወቅት ይተወዋል። ስለዚህ የግዥ ሠራተኛው በሥልጠናው መጀመሪያ ማሳው ድረስ መጥቶ የሚፈልገውን ይናገር፣ የሚከፍልበትንም ቀን በጽሑፍ ያስቀምጥ። ይህ ካልተገኘ ሥልጠናው ለሌላ ጊዜ ቢቆይ እመርጣለሁ።

ስለ ሌሎች ሰብሎች ባጭሩ። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ያለው የመልካሳ ምርምር ማዕከል ብዙ የደከመበት ነጭ ቦሎቄ ለውጭ ገበያ የሚወድቀው በአብዛኛው በጠጠር፣ በነቀዝና በእርጥበት ነው፤ ሸራ ላይ ማድረቅና አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ማኖር ይበጃል። በርበሬና በቆሎ መሬት ላይ ሲደርቁ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጨው ሻጋታ ይይዛቸዋል። መርዙ ከፋጉሎ ወደ ላም፣ ከላምም ወደ ወተት እንደሚሻገር በአዲስ አበባ ዙሪያ የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው በዚህ ጥናት ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች በአውሮፓ ጣሪያ ሥር የዋሉት 9 ብቻ ነበሩ። የእነዚህ ሥልጠና ራሱን የቻለ ስለሆነ ከአትክልቱ ጋር በአንድ ቀን ባናጨናንቀው ይሻላል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ማካተት ተገቢ መስሎኛል።

አንድ አባት «ደላላውን ታዲያ ምን እናድርገው? ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ?» ብለው ጠየቁ። ደላላው መኪና ያገኛል፣ ጥሬ ገንዘብ ያመጣል፣ ምርቱ በተትረፈረፈበትም ቀን ቢሆን ያነሣል። ከሙሉ ምርታችሁ ምናልባት ሲሶው ብቻ ለአዲሱ ገዢ የሚበቃ ይሆናል፤ የቀረው አሁንም በእርሱ በኩል ይሄዳል። ከደላሎች መካከል የማሳ ቁጥር የተጻፈበትን ሣጥን ሳያደባልቅ ለማድረስ ፈቃደኛ የሆነ ከተገኘ ደግሞ እርሱንም ማሠልጠን ነው።

አንዲት የማኅበር ሒሳብ ሹም የውኃ ምርመራ ወጪን ማን እንደሚሸፍን አነሱ። ከአንድ ቦይ የሚጠጡ ማሳዎች ሁሉ በአንድ ናሙና ሊወከሉ ስለሚችሉ እያንዳንዱ አባል ለየብቻው መክፈል የለበትም፤ ማኅበሩ ከመስኖው ወቅት በፊት አንዴ፣ ለቀማ ሲቃረብ ደግሞ አንዴ ቢያስመረምር ይበቃዋል። ናሙናው በተቀቀለ ጠርሙስ ተወስዶ፣ በበረዶ ተይዞ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አትቅዱት፤ ሰኞ ጠዋት ይሁን።